የናይ ሊን ረጅም ሽርጥ

ፐርዝ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2004

ለተከበሩ አክስቴ ለሴይን ዪ፣

ከአምስቱ ጠላቶች፣ ከውሃ፣ ከእሳት፣ ከሹም፣ ከሌባና ከክፉ ወራሽ ይሰውርዎ። ባሕር ማዶ ሆኜ ግንባሬን ወለል አስነክቼ ሦስት ጊዜ ሰግጃለሁ፤ እንደ ደረሰዎ ይቁጠሩልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? በሰው የላክሁት ቅባት ደረሰ? እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው ሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፤ ወገቤን ካላልኩ በቀር የማማርረው ነገር የለም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። ልጄ ናይ ሊን ሊመጣ ነው። በሰባት ዓመቱ በጀርባዬ አዝዬው የወጣሁት ልጅ ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የዚህ አገር ፓስፖርት ይዞ፣ እንደ ማንኛውም ቱሪስት ካሜራ አንጠልጥሎ ዲሴምበር 12 ይገባል። እኔ መምጣት እንደማልችል ያውቃሉ። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፦ አያቴ ኡ ቻን ታ ዕድሜውን ሙሉ መስተዋት የለጠፈበትን ማን ሽዌ ፓጎዳን፣ የጌታ ቡድሃን ቤት፣ በዓይኑ ማየት። ፎቶውን ከአልጋው በላይ ሰቅሎ ነው ያደገው።

ሆቴል ያርፋል፤ የውጭ ዜጋ በሰው ቤት ማደር እንደማይፈቀድለት አውቃለሁ። ቀን ቀን ግን ከእርስዎ ጋር ይዋል። አንድ ልመና አለኝ። ከመድረሱ በፊት ሁለት ሽርጥ ያሰፉለት። ረጃጅም ይሁኑ፣ ተረከዙን የሚሸፍኑ። በግራ እግሩ ባት ላይ ከብስክሌት ወድቆ ያገኘው ጠባሳ አለ፤ ሐኪሙ ፀሐይ እንዳይነካው ብሏል። ቁምጣ ካደረገ ይቆጡት። ወንዝ እንዋኝ ካለም አይፍቀዱለት፤ ዋና አይችልም።

ጸሎትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ኪን ሳን ዌይ

—

ታውንግ ዪን፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2004

ለልጄ ለኪን ሳን ዌይ፣

ሰውነትሽ ጤና፣ ልብሽ ሰላም ይሁን፤ ባንቺና በአምስቱ ጠላቶች መካከል ተራራ ይቁም። ደብዳቤሽ በስንት ጊዜው ደረሰኝ። ፖስታው ተከፍቶ በሩዝ ሙጫ እንደ ገና ተለጥፏል። ከእኔ ቀድሞ ላነበበው ሰው ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበቱን የሚያመው ከሆነ ከቅባቱ አካፍለዋለሁ።

እሰይ! የናይ ሊንን ነገር ሳነብ መጥበሻዬን ጥዬ ተነሳሁ፤ ሦስት ቁራጭ ዱባ አረረብኝ። ስትወጪ እኮ ጥርሱ የወለቀ ኮልታፋ ነበር! ይምጣ፣ አበላዋለሁ። ማደሪያው ሆቴል ቢሆንም ሆዱ የእኔ ነው።

ግን ሽርጡ ምን ነካሽ? ተረከዝ የሚሸፍን ሽርጥ የሙሽራ ነው ወይስ የሌባ? እዚህ ወንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ልኩን ስነግራት «ልጁ ቀጭኔ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጠባሳ የሌለው ወንድ ደግሞ የት አለ? ቱሪስቱ ሁሉ ቁስሉን ገልጦ ነው የሚዞረው። ሐኪሞቻችሁ ሥራ ፈተዋል። ለማንኛውም ሰፍታዋለች።

እኔ እዚያው ከደቡቡ ደረጃ ሥር ዱባዬን በሊጥ እየነከርኩ እጠብሳለሁ። ጫማ ጠባቂው ኡ ፖ ሳ ዛሬም እዚያው ጎኔ ነው። የዘይትሽ ጭስ የሰው ጫማ አገማ እያለ ይነዘንዘኛል፣ እኔም የጫማህ ሽታ ዱባዬን አገማው እለዋለሁ። ሰውየውን ታውቂዋለሽ። ጤናማ ነው፤ ጆሮውም በደንብ ይሰማል።

ደግሞ ጉድ ስሚ። ባለፈው ወር አንድ ነጭ ቱሪስት ቁምጣ ለብሶ ደረጃውን ሲወጣ ቅልጥሙ ላይ ጌታ ቡድሃን ተነቅሶ ተገኘ። እግር ላይ! ግንባር ሞልቶ፣ ደረት ሞልቶ፣ ጭቃ በሚረግጠው እግር ላይ! ሴቶቹ ጮሁ፣ ወንዶቹ ከበቡት፣ ፖሊስ ነጥቆ አዳነው። ነጭ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን አውሮፕላን ላይ ጭነው ሸኙት። ዓምና ግን ከወንዙ ማዶ አንድ የእኛው ጀልባ ቀዛፊ ያንኑ አድርጎ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ፖሊስ እስኪደርስለት ሕዝቡ አንድ ዓይኑን አጥፍቶት ነበር። የእኛ ፊት ላለው ማን አውሮፕላን ያዘጋጃል? እኔም ብሆን አላዝንለትም። ሳያውቅ ነው እንዳይባል፣ የእኛ ሰው ይህን የሚያውቀው ከእናቱ ጡት ጋር ነው።

ልጁ የሚወደውን ምግብ ጻፊልኝ። በርበሬ ይችላል?

አክስትሽ ሴይን ዪ

—

ፐርዝ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2004

ለተከበሩ አክስቴ፣

ክፉ ነገር ሁሉ በሩቁ ያልፍዎ ዘንድ እመኛለሁ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። አንብቤ እንደ ገና አነበብኩት፤ ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም።

አክስቴ፣ ናይ ሊንን ፓጎዳው አይውሰዱት። ለእድሳት ተዘግቷል ይበሉት። መነኮሳቱ ከልክለዋል ይበሉት። ጉልበቴ ደረጃ አልችል አለ ይበሉት። የፈለጉትን ሰበብ ይስጡት። ቤትዎ ቁጭ አድርገው ይመግቡት፣ የአያቴን ታሪክ ያጫውቱትና በሰላም ይሸኙልኝ። ቲኬቱን እንዲሰርዝ ለምኜው ነበር። «እማዬ ደግሞ! ይሄን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ፓጎዳ ስታወሪልኝ ኖረሽ አሁን አትሂድ ትይኛለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። በወረቀት የሚላክ ነገር አለ፣ የማይላክ ነገር አለ። ሽርጡን ብቻ ከእግሩ እንዳይለይ። ቤት ውስጥም ቢሆን። ሲቀመጥም፣ ሲተኛም።

በርበሬ ይችላል።

ልጅዎ ኪን ሳን ዌይ

—

ታውንግ ዪን፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2004

ልጄ ኪን ሳን ዌይ፣

ጤና ሁኚ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ነገሩ ስለሚያጣድፈኝ ነው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤታችን አላሳልፈውም። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ነገ ጠዋት ወደ ባንኮክ ትሄዳለች፤ ከጥቅሎቿ መሃል ሸጉጣው እዚያ ስትደርስ ፖስታ ቤት ትጥልልኛለች። ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ፓጎዳውን አታሳዪው ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ወስጄዋለሁ፤ የሄድነው ትናንት ወዲያ ነው።

መጀመሪያ ምን ያህል ደስ እንዳለን ልንገርሽ፣ አለበለዚያ ሁሉንም መጻፍ አልችልም። ልጅሽ የኡ ቻን ታን ቅንድብ ይዞ ነው የመጣው። ስንደርስ ትኬት ቆራጩ አንገቱን አውጥቶ አየውና «ፊትህ የእኛ፣ ጫማህ የውጭ። በየትኛው ላስከፍልህ?» አለው። ናይ ሊን በዚያ በተሰባበረ አፉ «ፊቴን በነፃ አስገባው፣ ጫማዬ ይክፈል» አይለው መሰለሽ! ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ኡ ፖ ሳ ጫማውን ተቀብሎ የቁጥር ካርድ ሲሰጠው እንኳን ጥርሱን አሳየ፤ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ጎኑ ተቀምጬ የፊት ጥርሱ ወርቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ መስተዋቱ አዳራሽ ገባን። ልጅሽ አፉን ከፍቶ ቀረ። ካሜራውን አነሳ፣ መልሶ አወረደው። ኡ ቻን ታ የለጠፋትን ፒኮክ በሰሜኑ ምሰሶ ላይ ሳሳየው ግንባሩን አስደገፈባት። ጭራዋን በጣቱ ቆጠረው፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ወርቅ። «ይሄን ሁሉ በእጁ ነው?» አለኝ። «በእጁና በምላሱ፤ መስተዋቱ አቧራ ሲይዝ እየላሰ ነበር የሚለጥፈው» አልኩት።

የፓጎዳው በዓል ስለቀረበ የሰፈሩ ወንዶች የአዳራሹን ወለል ሊያጥቡ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ገቡ። ናይ ሊን ላግዛችሁ አለ። መቼም ደግ ነው። እነሱም እንዳመላቸው ጀመሩት። «ተመልከቱት፣ ሽርጡን እንደ ሙሽራ እየጎተተ ሊያጥብ ነው!» «ሻጠው እንጂ! ወንድ አይደለህም እንዴ?» እሱም እየሳቀ እንደ እነሱ የሽርጡን ጫፍ ሰብስቦ በእግሮቹ መሃል አሳልፎ ከኋላ ወገቡ ላይ ሻጠው። እስከ ጭኑ ተገለጠ።

በሩ ላይ ለአጣቢዎቹ ያመጣሁትን የዱባ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። አየሁት። ባቱ ላይ ጌታ ቡድሃ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ከዚያ መስተዋቱን አየሁ። ግድግዳው፣ ምሰሶው፣ ጣሪያው በሙሉ መስተዋት ነው፤ በየቁራጩ ውስጥ ያ ባት አለ። ውሃው የፈሰሰበት ወለል እንኳን ያሳያል። የምሸሽገው አንድ እግር አልነበረም፤ አንድ ሺህ ነበር።

ሳህኑን ለቀቅኩት። ራሴን እንደሳተ ሰው ወደቅኩና እግሩን በሁለት ክንዴ አቀፍኩት፤ ሻርፔን ጠመጠምኩበት። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ታላቅ የታናሽን እግር ሲያቅፍ በአገራችን ማን አይቶ ያውቃል? ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። «አሮጊቷ ለየላት!» አለ አንዱ። ይበል። እኔን ይዩ፣ እኔን ይሳደቡ። ናይ ሊን «አያቴ፣ ምን ሆኑ? ይነሱ!» እያለ ሊያነሳኝ ይታገላል። «ሽርጥህን አውርድ» አልኩት በጥርሴ መሃል። ያን ጊዜ ነው የነቃው። ፊቱ አመድ ሆነ።

ደግፎኝ ስንወጣ ኡ ፖ ሳ በሩ ላይ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። «እህቴ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ለልጅ የምትሰግጂው?» አለኝ። አልሳቀም።

ቤት ገብተን በሩን ዘግቼ «ይሄን ምን አመጣው?» ብዬ ጮህኩበት። «ከጓደኞቼ ጋር ሰክረን ያደረግነው ነው። እማዬ አታውቅም ነበር፣ ካለቀ በኋላ ነው ያየችው» አለኝ። እስር ቤት ድረስ የሚያደርስ መሆኑን ከእኔ ነው የሰማው። ለምን አልነገርሽውም? ለምን አልነገርሽኝም? በሽርጥ ርዝመት ነው እንዴ ልጅ የሚጠበቀው!

ትናንት ኡ ፖ ሳ መጥበሻዬ አጠገብ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ዱባ አልገዛም። «ልጁ የትኛው ሆቴል ነው ያረፈው?» አለ። ዱባዬን ገለበጥኩ። «መቼ ነው የሚሄደው?» አለ። «ምን አገባህ?» አልኩት። ተነስቶ ሄደ። ሸሽተሽ በወጣሽበት ዓመት ስምሽን ለሹሞቹ የሰጠው እሱ ነው ሲባል ነው የኖርነው። አሁን የልጅሽን ይፈልጋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ትይኝ ይሆናል፤ ይሄ ግን ልጥ አይደለም።

አውሮፕላኑ ዲሴምበር 30 ነው። አሥር ቀን እንዴት አድርጌ ልሸሽገው? ከሆቴሉ አይውጣ ብል ለምን አይወጣም ይላሉ። ቢወጣም ያዩታል። ጎኔ አስቀምጬው እውላለሁ፤ ሌላ የማውቀው የለኝም። ደረጃውን የሚወርደውን ሰው ሁሉ ቀና እያልኩ አያለሁ።

ሴይን ዪ

—

ፐርዝ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 2004

አክስቴ፣

ከባንኮክ የተላከው ደብዳቤዎ ዛሬ ገባ። ይህን የምትሰጥዎ ነርስ አብራኝ ትሠራለች፤ ነገ እናቷን ልትጠይቅ ያንጎን ትበራለች፣ ከዚያም ወደ እናንተ ትመጣለች። እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ አልቆ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም እጽፋለሁ፤ ዝም ብል አብዳለሁ።

ሆቴሉ ጋ ደውዬ ነበር። «የለም፣ ከሄደ ቆየ» አሉኝ። የት? አልኩ። «እርስዎ ማን ነዎት? ስምዎን ይስጡን» አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁት። እናቱ ነኝ ለማለት እንኳን ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ጩኸት ልቤን ያቆመዋል፣ ዝምታውም እንዲሁ።

አክስቴ፣ ልጄ ዋሽቶዎታል። አልሰከረም። ጓደኞቹም የሉበትም። እኔ ነኝ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ለቀብሩ መምጣት አልቻልኩም። ያን ሰሞን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የአያቴ የኡ ቻን ታ እግር ትዝ አለኝ፤ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ በሰማያዊ የተነቀሰው፣ ነብሩ፣ ድመቱ፣ ሐረጉ። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚያምረው ይሉ ነበር አሮጊቶቹ። ናይ ሊንን «ከእኛ የሆነ ነገር ሰውነትህ ላይ ይኑር፣ እንዳትረሳን» አልኩት። «ምን ላድርግ?» አለኝ። «ከጌታ ቡድሃ የሚበልጥ ምን አለን?» አልኩት። «የት ላይ?» ሲለኝ «እንደ አያቴ፣ እግርህ ላይ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ነቃሹ ቤት ይዤው ሄጄ፣ ሲያመው እጁን የያዝኩትም እኔ ነኝ።

አያቴ ነብር እንጂ ጌታን እግሩ ላይ እንዳላስቀመጠ ረሳሁት። እግር ምን እንደሆነ ረሳሁ፣ አክስቴ። እርስዎ ከእናት ጡት ጋር የሚታወቅ ነው ያሉትን ነገር በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ረሳሁት። ያስታወስኩት አንዲት የአገራችን ሴት ቤቴ መጥታ በኩራት ያሳየኋት ቀን ነው። ሻይዋን ሳትጠጣ ተነስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላኝ አታውቅም።

ለእሱ «ሸፍነው» ከማለት በቀር አልነገርኩትም። ብነግረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠይቀኛል ብዬ አፈርኩ። ለእርስዎም በጠባሳ አሳብቤ ዋሸሁ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ፤ በገዛ እጄ ልጄን ላክሁበት።

ሰው ቢጠይቅዎ የእኔን ስም ይስጡ። እናቱ ናት ያስነቀሰችው ይበሉ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ስም ነው፣ ቢደገም ምንም አይለኝ። ልጄ በሕይወት አለ የሚል አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

ኪን ሳን ዌይ

—

ታውንግ ዪን፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2005

ልጄ ኪን ሳን ዌይ፣

ናይ ሊን በሕይወት አለ። አልታሰረም። ዲሴምበር 30 መብረሩ ቀርቶ በዚሁ ቅዳሜ ጃንዋሪ 8 ከያንጎን ይበራል። ይህን መጀመሪያ አንብቢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀጥዪ። ነርሷ ነገ ስለምትመለስ ደብዳቤዬ ከእሱ ቀድሞ ይደርስሻል፤ እንዲቀድም የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ።

ዲሴምበር 22 ረፋዱ ላይ ልጅሽ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዱባ ይልጥልኝ ነበር። ዘይቱ ፈልቷል። ቀና ስል ኡ ፖ ሳ ደረጃውን እየወረደ ነው፤ ጎኑ ፖሊስ አለ። ፖሊሱ ባዶ እግሩን ነው፣ ቀጥታ ወደ እኛ ነው የሚመጡት። ኡ ፖ ሳ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

ልጄ፣ አላሰብኩም። ሦስት ዓመት አልኩ፣ ያን የቀዛፊውን ዓይን አልኩ፣ ሌላ ነገር በጭንቅላቴ አልነበረም። ልጅሽን አላማከርኩትም። መጥበሻውን በጆሮው ይዤ በግራ እግሩ ላይ ደፋሁት።

ጩኸቱን አልጽፍልሽም። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ከጆሮዬ የሚወጣም አይመስለኝም። ሰው ተሯሯጠ። ፖሊሱ መጀመሪያ ደረሰና ውሃ አምጡ እያለ ጮኸ። ሽርጡ ተጣብቆ ነበር። ሲያነሱት ባቱ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረም። እኔም «ድንገት ነው! እጄን አዳልጦኝ ነው!» እያልኩ አለቀስኩ፤ ለቅሶው ውሸት አልነበረም።

ክሊኒክ ድረስ በጀርባው ያዘለው ኡ ፖ ሳ ነው። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። አንድም ቦታ አላሳረፈውም። እኔ ከኋላ እሮጣለሁ። ልጁን አስገብተውት በሩ ሲዘጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቁና ቁና እየተነፈሰ አየኝ።

«አንቺ ሴት፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ።

«አዳልጦኝ ነው» አልኩት።

«አየሁሽ እኮ።»

ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩ።

«ያን ቀን አዳራሹ ውስጥም አይቻለሁ» አለኝ። «ሆቴሉን የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር። የእህቴ ልጅ ሹፌር ነው። በማግስቱ በማለዳ ያንጎን ያደርስልኛል ብዬ ነበር። አንቺ ምን አገባህ አልሽኝ።»

«ፖሊሱስ?» አልኩት።

«ሊሳለም መጥቶ ነበር፤ ጫማውን ሊወስድ ነዋ! የጫማው መደርደሪያ ጎንሽ አይደለም እንዴ? ዱባ አማረኝ፣ የት ይሸጣል ሲለኝ ወደ አንቺ ጠቆምኩት።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የጫማው መደርደሪያ ጎኔ ነው። በየቀኑ ስንት ፖሊስ ነው በባዶ እግሩ አጠገቤ የሚቆመው! ያን ቀን ግን ፍርሃት ዓይኔን ጋረደው። ያንቺን ስም የሰጠው እሱ መሆን አለመሆኑን አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። እንዲህ ካዘለው በኋላ የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ሆቴሉ ከሄደ ቆየ ያለሽ ክሊኒክ ስለተኛ ነው። ሐኪሙ እግሩ አይቆረጥም ብሏል። ትንሽ ያነክሳል። ቆዳው እንደ ድሮው አይሆንም፤ ያን መልሶ የሚያየው ሰው ግን የለም። ነገ ከሰዓት አውቶቡስ ይሳፈራል። ኡ ፖ ሳ ያንጎን ድረስ አብሮት ይሄዳል፤ የጫማ ጥበቃውን ለልጅ ልጁ አደራ ሰጥቷል። ማነው የጠየቀህ ብለው «ማንም» አለኝ።

አሁን ስለ ደብዳቤሽ። ነርሷ ስትሰጠኝ ናይ ሊን አጠገቤ ተኝቶ ነበር። አንብቤ አየሁት። ሰክሬ ነው ያለኝ ልጅ! ከእኔ ዘንድ ስድብ፣ ከሰው ዘንድ እስር እያስፈራራው ያንቺን ስም አላነሳም። «እናትህ ነች አይደል ያስነቀሰችህ?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እማዬ የምትወደውን ነገር ነው የሰጠችኝ» አለኝ።

ቆይቶ ደግሞ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። እጄን ያዘኝ፤ መጥበሻውን የደፋችውን እጅ። «አያቴ፣ አይቻለሁ። ለእማዬ ግን እኔ ነኝ በእግሬ መትቼ የደፋሁት እላታለሁ። እርስዎ አይንገሯት» አለኝ። እሺ አልኩት። አሁን እሺታዬን አፍርሼ እየጻፍኩልሽ ነው።

እኔን ብትረግሚኝ አልቀየምም። ይቅር በዪኝም አልልሽም፣ ጊዜው አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ለእኔ ስላንቺ ዋሽቷል፤ ላንቺ ደግሞ ስለ እኔ ሊዋሽ ነው የሚመጣው። በሁለታችን ፍርሃት መሃል ይሄ ልጅ ስንት ይሸከማል? ከአውሮፕላን ሲወርድ እያነከሰ ወደ አንቺ ይመጣል፣ ይስቅልሻል፣ አፉንም ሊከፍት ነው። እንዳይጨርስ አድርጊ። ቀድመሽ «ሁሉንም አውቃለሁ» በዪው።

አክስትሽ ሴይን ዪ